ከባቡር ጉምሩክ እስከ መረጃ ኬላ፦ የመጋላ ታሪክ ለትምህርት ቤቶች መረብ የሚሰጠው ትምህርት

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው ሲደርስ በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሠፈሮች አደጉ። በምዕራብ በኩል ጣቢያውንና ቀጥ ያሉትን ጎዳናዎች የያዘው ከዚራ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የነጋዴውና የጠባብ መተላለፊያዎች ሠፈር የሆነው መጋላ ነበሩ። ቃሉም በኦሮምኛና በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው።

ከባሕር የመጣው ዕቃ ከጣቢያው ወርዶ በቀጥታ ወደ መጋላ ሱቆች አይገባም ነበር። በቅድሚያ በጉምሩክ ይፈተሻል፤ ከዚያም በሰነዱ መሠረት ለባለቤቱ ይለቀቃል። ኬላው ሁለት ተግባር ነበረው፤ ይኸውም ማገድና ማድረስ ነው።

የኮምፒዩተር መረብ ኬላ፣ ማለትም ፋየርዎል፣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አስፈላጊነቱ በጉልህ የታየው በጥቅምት 1981 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያባዛ አንድ ፕሮግራም በአሜሪካ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ከሥራ ውጪ አድርጓል። ሁለተኛው ችግር የአድራሻ እጥረት ነበር። በወቅቱ የነበረው የአድራሻ ሥርዓት ከ4.3 ቢሊዮን በላይ ሊያስተናግድ ስለማይችል፣ ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ የውጭ አድራሻ የሚጠቀሙበት ዘዴ በ1986 ዓ.ም. ቀረበ። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው ከዚያ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ዘዴ ከውስጥ ለወጣ ጥያቄ የሚመጣው መልስ በኬላው መዝገብ ስለሚታወቅ ጠያቂውን አያጣም። ሳይጠየቅ ከውጭ የሚመጣ ግን መድረሻው ስለማይታወቅ ይመለሳል። እንዲገባ ከተፈለገ በመዝገቡ ላይ ትእዛዝ መጻፍ አለበት፤ ለምሳሌ «በበር ቁጥር 443 የሚመጣው ሁሉ 192.168.1.10 ወደተባለው ኮምፒዩተር ይተላለፍ» ይባላል። የበር ቁጥሮቹ እስከ 65,535 ይደርሳሉ።

ጉዳዩ መምህራንንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ከማእከል ወደ ክፍል ብቻ የሚፈስ በመሆኑ፣ ተማሪው መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። በሩ ሁሉ የተዘጋበት መረብ ያለው ት/ቤትም ከውጭ ይቀበላል እንጂ ያዘጋጀውን አያካፍልም። የመጋላ መምህር በአካባቢው ቋንቋዎች ያሰናዳው ትምህርት በራሱ ት/ቤት ኮምፒዩተር ላይ ቢቀመጥ፣ በኬላው በር ካልተከፈተለት በስተቀር የሌላ ከተማ መምህር በቀጥታ ሊያገኘው አይችልም።

በአንጻሩ በሩ ያለ ጥንቃቄ ከተከፈተ የተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት ኮምፒዩተር ለማንኛውም ሰው እጅ ይጋለጣል። ስለሆነም ለውጭ የሚያገለግለው ኮምፒዩተር ከውጤት መዝገቡ ተለይቶ በሌላ የመረብ ክፍል ሊቀመጥ ይገባል። የትኛው በር፣ ለምን ዓላማና በማን ፈቃድ እንደተከፈተ በጽሑፍ መያዝ፣ አገልግሎቱ ሲያበቃም መዝጋት ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉን የያዘው ባለሙያ በተዛወረ ጊዜ መዝገቡ አብሮት እንዳይሄድ የርክክብ ሥርዓት መኖር አለበት።

የድሬዳዋ ጉምሩክ ሁሉን ቢያሳልፍ ኬላ ባልተባለ፣ ሁሉን ቢያግድ ደግሞ መጋላ ገበያ ባልሆነች ነበር። የት/ቤት መረብም ጥቅም የሚመዘነው በግድግዳው ውፍረት ብቻ ሳይሆን፣ በሩን በኃላፊነት በሚጠብቀው ሰው ጭምር ነው።