ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከጀርመን ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። በሰዎች መካከል የሚነሣ ጥላቻም በመጀመሪያው በቅጠል ተመትቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን አገር ያወድማል። የዚህን ተረት እውነተኛነት የጀርመን ታሪክ አጉልቶ ስለሚያሳየን፥ የናዚ ፓርቲ በዚያ አገር እንዴት ለሥልጣን እንደ በቃ በአጭሩ ለመመልከት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን ሂትለር በሕዝቡ ሁሉ ፈቃድ ሥልጣን የያዘ ይመስለናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1928 በተደረገው ምርጫ ፓርቲው ያገኘው ድምፅ ከመቶ 3 እንኳ አልሞላም፤ በፓርላማውም 12 ወንበር ብቻ ነበረው። ነገር ግን ከ1929 ጀምሮ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በ1932 መጀመሪያ የሥራ ፈቱ ቍጥር 6 ሚሊዮን ደረሰ። የተቸገረው ሕዝብ የመከራውን ምክንያት ሲጠይቅ፥ ናዚዎች ጥፋቱ ሁሉ የአይሁድ ነው የሚል ቀላልና ሐሰተኛ መልስ ሰጡት። አይሁድ ግን ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ይህም ሆኖ በጁላይ 1932 ናዚዎች 230 ወንበር አገኙ።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በኖቬምበር እንደ ገና ምርጫ ሲደረግ፥ ፓርቲው 2 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አጥቶ ወንበሩ ወደ 196 ወረደ። ሶሻል ዴሞክራቶች 121፥ ኮሚኒስቶች 100 ወንበር ስለ ነበራቸው፥ ቢተባበሩ ከናዚዎች ይበልጡ ነበር። ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምክር የሚሰማ ጠፋ፤ ኮሚኒስቶቹም ሶሻል ዴሞክራቶቹን የፋሺስት ወገን ናቸው እያሉ ይከሷቸው ነበር።

በዚህ ጊዜ የቀድሞው መራሔ መንግሥት ፎን ፓፐንና ጓደኞቹ ሂትለርን መሣሪያ አድርገን እንጠቀምበታለን ብለው አሰቡ። ሽማግሌውን ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግን አግባብተው ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት አስደረጉት። በካቢኔው ውስጥ የነበሩት ናዚዎች እርሱን ጨምሮ 3 ብቻ ስለ ሆኑ፥ ልጓሙን የያዙ መሰላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ልጓሙ በእርሱ እጅ ገባ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ የዜጎች መብት ታገደ። ማርች 23 ቀን ደግሞ መንግሥቱ ያለ ፓርላማ ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ሕግ ቀረበ። የኮሚኒስት እንደራሴዎች ታስረው ወይም ተሰደው ስለ ነበር አልተገኙም፤ 444 እንደራሴዎች ሲስማሙ እምቢ ያሉት 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ። መሪያቸው ኦቶ ቬልስ የናዚ ታጣቂዎች በቆሙበት አዳራሽ ተነሥተው ተቃውሞአቸውን በግልጥ ተናገሩ። ቄስ ማርቲን ኒሜለርም መጀመሪያ ናዚዎችን ደግፈው ነበር፤ በኋላ ስለ ተቃወሙ ከ1937 እስከ 1945 ታሰሩ።

ከዚያ የተከተለውን ዓለም ያውቀዋል፤ 6 ሚሊዮን አይሁድ ተገደሉ። ከ1922 ጀምሮ ኢጣልያን የገዛው ፋሺዝም ለናዚ ታላቅ ወንድሙ ነበርና፥ የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ምን እንደሚያመጣ የእኛም አገር ታውቃለች። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም ምስክር ነው።

እንግዲህ ጀርመንን የጣሏት ጥላቻን የሰበኩት ብቻ አይደሉም። ትንሽ ነው ብለው የናቁት፥ በጥል ተለያይተው ያልተባበሩት፥ ለጥቅማችን እናውለዋለን ብለው በር የከፈቱለትም ጭምር ናቸው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ አውራጃና ሥራ እንበተናለን። በምንሄድበት ሁሉ አንድን ወገን በጅምላ የሚከስ ወሬ በአፍም ሆነ በስልክ ሲደርሰን፥ ተናጋሪው የራሳችን ወገን ቢሆን እንኳ፥ እውነት ነውን ብለን መጠየቅና ሐሰት ሲሆን አንቀበልም ማለት ይገባናል። ቅጠሉ በእጃችን ያለው ዛሬ ነው።