የጋሼ ቡትስ

ስሙኝማ! ሰውየው የጎሬ ተወላጅ ናቸው፤ ስማቸው ይቅርና ጋሼ እንበላቸው። ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር፣ አንድ መጋዘን ይጠብቃሉ። አያታቸው ከጎሬ እዚህ ድረስ ቡና በበቅሎ ጭነው ይወርዱ ነበር። ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ እዚህ ወደብ ተከፍቶ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበራ! አያትየው ያን ሁሉ ቁልቁለት በባዶ እግራቸው ወረዱት። የልጅ ልጅ ግን አዲስ ቡትስ ተሰጣቸው።

ሰነባበተና ተረከዛቸው ከኋላ፣ ከጅማቱ ግራና ቀኝ አበጠ። ዳገት ሲወጡማ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። አንዱ «እሾህ ነው» አለ፣ ሌላው «ሪህ ነው»። ወጌሻ ዘንድ ሄደው በቅባት ታሹ፤ ሌሊቱን እግራቸውን ታቅፈው ሲያቃስቱ አደሩ። የተቆጣ ነገር ታሽቶ መቼ ይበርዳል?

ጤና ጣቢያ ያገኟት ሲስተር ግን መጀመሪያ ጠየቀቻቸው። «ከሥር ነው ከኋላ? ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት የምታምዎት?»

«ከኋላ ነው ልጄ፣ ስራመድ እየባሰ።»

ከጅማቱ ፊት ለፊት በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችው።

«ኧረ ነፍሴን አወጣሽው!»

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ በአጥንቱና በጅማቱ መሃል ፈሳሽ ያላት ትንሽ ከረጢት አለች። ከበቅሎ ጀርባና ከጭነቱ መሃል እንደሚገባ ድሪቶ ናት፤ መፋተጉን ታበርዳለች። ሲበዛባት ተቆጥታ ታብጣለች።» ቡትሱን አስወለቀችና የኋላውን በአውራ ጣቷ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። «በሽታዎ ይኸው እጄ ላይ ነው። በዚህ ሙቀት እግር ያብጣል፣ ጫማው ደግሞ አይሰፋም።»

«እንግዲያው መርፌ ውጊኝና ልሂድ።»

እኛ ሰዎች መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም! እሷ ግን እምቢ አለች፤ ብግነት የሚያበርደው መርፌ እዚያ ጅማት አጠገብ ሲገባ ጅማቱን አዳክሞ ሊያስበጥሰው ይችላል። ያዘዘችው ቀላል ነው፦ ኋላው ክፍት የሆነ ጫማ፣ ተረከዙን ከፍ የሚያደርግ ለስላሳ ንጣፍ በሁለቱም እግር፣ ከለስላሳ መጠጥ ቤት የተገኘ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ደጋግሞ። ጨጓራና ኩላሊታቸውን ጠይቃ ለጥቂት ቀን ማስታገሻ ሰጠቻቸው። ሕመሙ ጋብ ሲል ባታቸውን ቀስ አድርገው እንዲያሳስቡ ነገረቻቸው። «ቀልቶ ቢያተኩስዎ፣ ወይም ቀጭ ብሎ በጣትዎ መቆም ቢያቅትዎ፣ የዚያኑ ቀን ይምጡ» አለች።

የቀረው አለቃቸው ነው። «ጥበቃ በነጠላ ጫማ አይቆምም!» አለ።

«ሌባ ቢመጣ በቡትሱ አልደርስበትም፤ በነጠላው ግን እሞክራለሁ» አሉት።

ሳቀና ፈቀደ። እብጠቱ ቶሎ አልጠፋም፣ ሳምንታት ፈጅቷል። በኋላ የሰጧቸው ቡትስ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ነው፤ ኋላው ላይ ጨርቅ የሰፉበት ራሳቸው ናቸው።