«በደንብ የተያዘች» ሞሪስ ማይነር፦ ከቀለሙ ስር ምን አለ?

ክብ ፊት፣ ሁለት ትላልቅ መብራት፣ እንደ ዳቦ የተነፋ ጀርባ። የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ያየ ሰው ስሟን ባያውቅም መልኳን ያውቃል። ሞሪስ ማይነር ትባላለች። መመረት ካቆመች ከ50 ዓመት በላይ ቢሆናትም ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ «በደንብ የተያዘች» እየተባለች ለሽያጭ ትቀርባለች። እዛ ያላችሁ ተከታታዮቻችን «አሮጌ መኪና ግዛ፣ ግብር የለ፣ ምርመራ የለ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ጣጣ አለው። እሱን እናያለን፤ መጀመሪያ መኪናዋን እንወቃት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንድፏን ያወጣው አሌክ ኢሲጎኒስ ነው። በ1906 በዛሬዋ የቱርክ ከተማ ኢዝሚር ተወልዶ፣ በአፍላነቱ በጦርነት ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደ ሰው ነው። በኋላ በ1959 ሚኒን የሰራውም እሱ ነው። ማይነርን የጀመራት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሲሆን የምስጢር ስሟ ሞስኪቶ ነበር። የናሙናዋ መኪና ጠባብ ሆና ስላልጣመችው ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት አስቆረጣትና ሁለቱን ግማሽ እያራራቀ መጠኑ ዓይኑን ሲሞላው አቆመ። 10 ሴንቲሜትር ገደማ ሰፋች። ችግሩ ፓራውልቱ በጠባቡ ልክ ተዘጋጅቶ ነበር። ምን ተደረገ? እሱም መሃሉ ተቆርጦ ቁራጭ ብረት ተጨመረበት! በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ይሄ ቅጥያ ይታያል፤ ኮፈኑ መሃል ላይ ያለው ጠፍጣፋ መስመርም የዚያው ማስታወሻ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ሎርድ ነፊልድ ግን አልወደዳትም፤ እንቁላል ትመስላለች ብሎ አጣጥሏታል ይባላል።

በ1948 ለንደን ኧርልስ ኮርት በተካሄደው የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየች። ከዚያ በኋላ ነርሱም፣ አዋላጁም፣ ፖሊሱም ነዳት። ሽያጯ ከአንድ ሚሊዮን ያለፈ የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ መኪና እሷ ናት። ለዚህ መታሰቢያ 350 መኪኖች ፈዛዛ ሐምራዊ ተቀብተው ወጥተዋል፤ ከነሱ አንዷ ለሽያጭ ብትመጣ ዋጋዋ ሌላ ነው። በጠቅላላው 1.6 ሚሊዮን ገደማ ተሰርተው አውቶሞቢሏ በ1970፣ የእንጨት ጀርባ ያላት ትራቭለር ደግሞ በ1971 አበቃች።

ማስታወቂያው የሚለው ዓመትና መኪናዋ ይገጥሙ እንደሆነ ከፎቶው ብቻ ብዙ ማወቅ ይቻላል። የፊት መስታወቷ መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከ1956ቱ ለውጥ በፊት የተሰራች ናት። ፍሬቻዋ ከጎን እንደ ክንድ ብቅ የሚል ከሆነ ከ1961 ወዲህ ልትሆን አትችልም። ሞተሩ ከ918 ሲሲ ተነስቶ በ1952 803፣ በ1956 948፣ በ1962 ደግሞ 1098 ሆኗል። በሞተር ግን ብዙ አትመኑ፤ ባለቤቶች ትልቁን መግጠም ይወዳሉ። እሱ ነውር የለውም፣ ብቻ «እንደ ፋብሪካው ነች» ተብሎ አይሸጥላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዝገቱ።

ማይነር እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ወለሉ፣ ከበሩ ስር ያለው ብረትና ቦዲው ተያይዘው ነው መኪናዋን የሚሸከሟት። ስለዚህ ከስር ያለው ብረት ሲበላ የሚበላው አጥንቷ ነው። የፊት ጎማዎቹን የሚሸከሙት ረጃጅም ዘንጎች ጫፋቸው የታሰረው ወለሉ ስር ባለ አግዳሚ ብረት ላይ ነው። እሱ ከበሰበሰ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከኋላ ደግሞ ባልስትራው የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ይሄ ሁሉ በፎቶ አይታይም፤ ሻጭ ደግሞ ፎቶ የሚያነሳው ፀሐይ ላይ፣ ከታጠበች በኋላ ነው።

ምንጣፉን አንሱ፤ ሻጩ «አይነሳም» ካለ መልሱን አገኛችሁ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎማው ዙሪያና በበሩ ስር አስጠጉት፤ የማይዝበት ቦታ ካለ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። በሮቹ ከቦዲው ጋር ያላቸው ክፍተት ከላይ እስከታች እኩል መሆን አለበት። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ በሩ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ መሃሏ እየታጠፈ ነው ማለት ነው።

እኛ ብንሆን ለሽያጭ ሲባል ባለፈው ወር ከተቀባች አብረቅራቂ ይልቅ ቀለሟ የደበዘዘ፣ የ20 ዓመት የጋራዥ ደረሰኝ ያላትን እንመርጣለን። አዲስ ቀለም ምን እንደሸፈነ ቀቢው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው አደገኛ ቦታ የፊት ጎማው ነው። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት፣ ትሩኒየን የሚባል ጥርስ ያለው ማጠፊያ አለ። በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል። ግራሶ ካጣ ጥርሱ ይበላና አንድ ቀን ጎማው ከስር ይታጠፋል። መኪናዋን አንስታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተንቀጫቀጨ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትንዷት።

ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው፤ የዛሬ መኪና ለለመደ እግር ዘግይቶ ይይዛል። ነዳጅ ላይ ደግሞ ያኔ ቤንዚን እርሳስ ነበረበት፤ ቴስታታው ካልተቀየረላት ወይ ተጨማሪ ኬሚካል ትፈልጋለች ወይ ቫልቮቿ ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ቻርጀር መግጠም ለምትፈልጉም አንድ ነገር፦ ዛሬ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው፤ ማይነር ከፋብሪካ ስትወጣ ግን ፖዘቲቩ ነው። ሳይጠይቁ ሽቦ መቀጠል ቻርጀሩን ማቃጠል ነው።

ወረቀቱስ? ከ2018 ጀምሮ በታላቋ ብሪታንያ 40 ዓመት ያለፋት፣ ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባት መኪና ኤም ኦ ቲ ከሚባለው ዓመታዊ ምርመራ (እንደኛ ቦሎ አስቡት) ነጻ ናት። ታሪካዊ ተብላ ከተመዘገበች ግብርም የለባትም፣ ለንደን ውስጥ የዩሌዝ ክፍያም የለባትም። ኢንሹራንስ ግን አይቀርም። ጣጣው ያልነው እዚህ ጋ ነው፦ ግዴታው ከቀረ ወዲህ አንዲት መኪና ለዓመታት ማንም ከስሯ ሳያያት ልትሸጥ ትችላለች። ሕጉ ግን ብልሽት ያለባትን መንገድ ላይ መንዳት አሁንም ይከለክላል፤ ተጠያቂው ደግሞ ነጂው ነው። ስለዚህ በታርጋ ቁጥሯ የምርመራ ታሪኳን በመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ እዩ፤ ከ2005 ወዲህ ያለው አለ። የወደቀችበት ምክንያት ሳይቀር ተጽፏል። ሻጩ ከመክፈላችሁ በፊት አዲስ ምርመራ እንዲያስደርግላችሁ መጠየቅም ይቻላል፤ የሚከፈለው ከ54.85 ፓውንድ አይበልጥም።

«አገር ቤት ልውሰዳት» ለምትሉ ደግሞ መሪዋ በቀኝ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ2016 ዓ.ም (በኛ አቆጣጠር) ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች።

ሁሉንም አይታችሁ ለሙከራ ስትነዷት መኪናዋ እየሄደች አንደኛ ማርሽ ስታስገቡ ከጮኸ አትደንግጡ፤ ከጥንቱም ቆማ ነው የሚገባው። ሁለተኛው ከጮኸ ግን ካምቢዮው ደክሟል፤ ዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገሩ።