ኦራል፦ ከአስፋልት ባሻገር ጭነት የሚያደርሰው መኪና

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ርዕሰ ከተማ ከሚሴ አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚያመራ ጭነት ግን ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል፤ የዋልካው መሬት ውኃ ሲጠጣ የተለመደው የጭነት መኪና ይሰምጣል። ለእንዲህ ያለው መንገድ ከተሠሩት መካከል በኢትዮጵያ ስሙ ጎልቶ የሚታወቀው፣ በሕዝቡ አጠራር «ኦራል» የሚባለው ወታደራዊ የጭነት መኪና ነው።

መኪናው ስሙን ያገኘው በሩሲያ ሚያስ ከተማ ከሚገኘው የኡራል ፋብሪካ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው በደርግ ዘመን ነው። በቤንዚን የሚሠራው ኡራል 375 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በናፍጣ የሚሠራው ኡራል 4320 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ተከተለ።

የጭነት መኪና እጥረት ምን ያህል ሕይወት እንደሚነካ የወሎ ሕዝብ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት አይቶታል። የእርዳታ እህል አሰብ ወደብ ሲደርስ ወደ ተራበው ሕዝብ ማጓጓዝ ትልቅ ፈተና ነበር። ሶቪየት ኅብረትም የጭነት መኪኖች፣ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች አሰልፋ ነበር።

የኦራል ብልጫ በጭነቱ ብዛት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የተወሰነው ጭነት 5 ቶን ወይም 50 ኩንታል ያህል ነው። ብልጫው ስድስቱም ጎማዎች በሞተር ኃይል መዞራቸውና ሆዱ ከመሬት ከፍ ማለቱ ነው። የኋላ ጎማዎቹም ነጠላ በመሆናቸው የፊተኞቹ የደለደሉትን ዱካ ይከተላሉ። ከሁሉም በላይ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የጎማዎቹን አየር መቀነስና መጨመር ይችላል። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይዘረጋል፤ ክብደቱም በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። የግመል ሰፊ ኮቴ በአሸዋ ላይ የማይሰምጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። አስፋልት ላይ ሲመለስ ግን አየሩ ካልተሞላ ጎማው ግሎ ይበላሻል።

ይህ ጉልበት ዋጋ አለው። ኦራል ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣል፤ በደረቅ መንገድ ተመሳሳይ ጭነት በኢሱዙ ማጓጓዝ እጅግ ይረክሳል። በረጠበ የገጠር መንገድ ላይ ሲመላለስም ጥልቅ የጎማ ቦይ ይተዋል፤ ውኃ በዚያ ይተኛና ተከትሎ የሚመጣውን መኪናና ጋሪ ይይዛል።

ወንዝ መሻገር መቻሉም ገደብ አለው። ለመኪናው የተሰጠው የውኃ ጥልቀት ልክ ጎርፍን አይመለከትም፤ ፈጣን ውኃ ከባድ መኪናን ሳይቀር ገፍቶ ይወስዳል። ቦርከናን የመሰለ ከደጋ የሚነሳ ወንዝ ደግሞ ከሚሴ ዙሪያ ዝናብ ባይዘንብም ድንገት ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ ኦራል መንገድ ሲበላሽ የሚጠራ እንጂ መንገድን የሚተካ አይደለም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ክረምት ሳይገባ ወደ ቀበሌ መጋዘን ከደረሰ፣ የመንገድ ዳር ቦዮችም በበጋ ከተጠረጉ፣ አርሶ አደሩ በዘር ወቅት መኪና ሲጠብቅ እርጥበቱ አያመልጠውም።