የሳቫና ከተማ ቤቶች ከመፍረስ እንዴት ዳኑ?

የአንድ ከተማ ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ በጡቡና በድንጋዩ፣ በአደባባዩና በገበያውም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለዚህም በአሜሪካ አገር፣ በጆርጂያ ግዛት የምትገኘው ሳቫና ምስክር ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳቫናን በ1733 ዓ.ም. የቈረቈራት እንግሊዛዊው ጄምስ ኦግልቶርፕ ሲሆን፣ ፕላንዋንም ያወጣው ቤቶቹ በትናንሽ አደባባዮች ዙሪያ እንዲሠሩ አድርጎ ነው። ይሁን እንጂ አውቶሞቢል በበዛበት ዘመን አሮጌ ቤት ሁሉ ቦታን በከንቱ የሚያጣብብ መስሎ ታየ። ስለዚህም በ1954 ዓ.ም. በኤሊስ አደባባይ ላይ የነበረው የገበያ አዳራሽ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ተተካበት። የፈረሰውን የሚመልስ ኀዘን የለም፤ ነገር ግን ያ ኀዘን ለቀረው መዳኛ ሆነ።

በሚከተለው ዓመት፣ በ1820 ዓ.ም. የተሠራው የዴቨንፖርት ቤት ተራው ደረሰ። ቤቱ አርጅቶ የብዙ ድኾች ተከራዮች ማደሪያ ሆኖ ነበር፤ እርሱም ለመኪና ማቆሚያ ሊፈርስ ታሰበ። በዚህ ጊዜ ሰባት ሴቶች ተባብረው 22,500 ዶላር አሰባሰቡና ቤቱን ገዙት። የሳቫና የታሪክ ቅርስ ማኅበርም የተመሠረተው በዚሁ ሥራ ነው።

የማኅበሩ ዘዴ ቀላል ነበር። ሊፈርስ የተቃረበውን ቤት ይገዛል፤ ከዚያም ለሚያድሰው ሰው መልሶ ይሸጠዋል። ገዢውም ቤቱን እንዳያፈርስ በውል ይታሰራል። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ሌላውን ቤት ይገዛል። እንዲህ እየተባለ አንዱ ቤት ሌላውን አዳነ።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ግድግዳን ማዳንና ሰውን ማዳን አንድ አይደሉም። ሠፈሩ ባማረ ቍጥር ዋጋው ስለ ናረ፣ ብዙ ድኾች ተከራዮች ለመልቀቅ ተገደዱ። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ሊዮፖልድ አድለር ይህን ተመልክተው፣ በ1974 ዓ.ም. ቤቶችን እያደሰ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚያከራይ ሌላ ድርጅት አቋቋሙ። ለጥቁሮች መብት የታገሉት ዌስትሊ ላውም በበኩላቸው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የሚነገርበትን የኪንግ ቲስዴል ቤት ከመፍረስ አዳኑ። ታላላቅ የነጋዴ ቤቶች ብቻ ቢጠበቁ ኖሮ የከተማዋ ታሪክ እኩሌታው በጠፋ ነበር።

በመጨረሻም ያ የመኪና ማቆሚያ ራሱ ፈርሶ፣ በ2010 ዓ.ም. የኤሊስ አደባባይ እንደገና ለሕዝብ ተከፈተ። አደባባዩ ተመለሰ፤ የገበያው አዳራሽ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ማንም ሰው አሮጌን ቤት ለማፍረስ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ በዚህ ቤት ማን ኖረበት? ቢታደስስ ማን ይኖርበታል? ለሁለቱም መልስ ያገኘ ሰው ቅርስን በእውነት ጠበቀ ይባላል።