የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም

የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ቀይ ቀበሮንና የሚኖርበትን የደጋ ምድር ከጥፋት ለማዳን የሚሠራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን ዋናው የሥራ ቦታው የባሌ ተራሮች ናቸው። ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ምርምር ክፍል እና ቦርን ፍሪ ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመተባበር ይሠራል። ከሥራዎቹ መካከል ትልቁን ቦታ የያዘው የገበሬዎችንና የእረኞችን ውሾች መከተብ ነው።

== እንስሳው ==

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም ቦታ አይገኝም። የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጡ ቦታዎች፣ ጅብራ፣ አስታና ጓሳ በሚበቅሉበት ብርዳማ ምድር ነው። በዓለም ላይ ካሉት የውሻ ዘመዶች መካከል ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይገኛሉ። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍታዎች በትንንሽ ቁጥር ተበታትነው ይኖራሉ።

ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። አደን የሚወጣው ብቻውን ቢሆንም ኑሮው በመንጋ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የበላይ የሆነችው ሴት ብቻ ስትሆን፣ የምትወልደውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ሌሎቹ የመንጋው አባላት ቡችሎቹን በመመገብና በመጠበቅ ያግዟታል። በዚህ ምክንያት አንድ መንጋ ሲጠፋ ቶሎ አይተካም።

== አመሠራረት ==

የድርጅቱ መሥራች በትውልድ አርጀንቲናዊ የሆኑት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ክላውዲዮ ሲለሮ ዙቢሪ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በባሌ የቀይ ቀበሮን አኗኗር ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተነሥቶ በጥናት ላይ የነበሩ ብዙ ቀበሮዎችን ገደለ። ለእንስሳው ትልቁ አደጋ ከሰው ቤት የሚመጣ በሽታ መሆኑ በዚያን ጊዜ ታወቀ። ፕሮግራሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋቋመ።

== የበሽታው መንገድ ==

በባሌ ያለ እረኛ ከብቱንና በጎቹን ከጅብ የሚጠብቅለት ውሻ ያስፈልገዋል። ውሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ታስረው አይውሉም፤ የሞተ እንስሳ ፍለጋ እየዞሩ ከቀበሮ ጋር ይገናኛሉ። በሽታው ከውሻ ወደ አንድ ቀበሮ ከተላለፈ፣ የመንጋው አባላት በየቀኑ ተሰብስበው የሚገናኙ በመሆናቸው በፍጥነት ይዛመታል። ከዚህ ሌላ ውሻና ቀበሮ ተዳቅለው መውለዳቸው የእንስሳውን ዘር የሚያደበዝዝ ሌላ ችግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በባሌ ዌብ ሸለቆ እንደገና ተነሣ። በአካባቢው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አለቁ። የድርጅቱ ባለሙያዎች ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው 77 ቀበሮዎችን እየያዙ በመርፌ ከተቡ። የተከተቡት በተለይ ዌብን ከሌሎች የቀበሮ መኖሪያዎች ጋር በሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች አካባቢ የነበሩት ናቸው። በሽታውም ወደ ቀሪው ባሌ ሳይስፋፋ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሁሉንም መከተብ ባይቻልም በትክክለኛው ቦታ ያሉትን ጥቂቶች መከተብ መላው ዘር እንዳይጠፋ ሊያደርግ ይችላል።

በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014 ተመልሶ ተከስቷል። ዲስተምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታም በ2010 እና በ2015 ቀበሮዎችን ገድሏል።

== ክትባት ==

ድርጅቱ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። ሥራው ግን የሚያልቅ አይደለም፤ የተከተቡት ሲሞቱ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ፣ ከብት ተከትለው ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ውሾችም አሉ። በዚህ ምክንያት ቀበሮዎቹን በቀጥታ፣ ሳይይዙ የሚከትቡበት ዘዴ አስፈለገ። ከዓመታት ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍ የሚሰጥ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ ዋለ። መድኃኒቱ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። ሠራተኞችም በፈረስ እየዞሩ በቀበሮዎቹ ክልል ውስጥ ይጥሉታል። ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ከረጢቱ ይቀደድና መድኃኒቱ በአፉ ውስጥ ይፈስሳል።

== ከነዋሪዎች ጋር ያለው ሥራ ==

መንጋዎቹን በየጊዜው እየቆጠሩ የሚከታተሉት ከየአካባቢው የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ ሲገኝ መጀመሪያ የሚሰማው ከእነርሱና ከእረኞች ነው። የውሻ ክትባት ለነዋሪውም ይጠቅማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንና ከብትን ይገድላልና። ድርጅቱ በትምህርት ቤቶች ስለ ቀበሮውና ስለ ደጋው ምድር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች ተመትቶ እግሩ የተሰበረ ቀበሮ በሠራተኞች ታክሞ ከዳነ በኋላ ወደ ዱር ተመልሷል። ስሙም «ተረፈ» ተብሏል።

በነዋሪዎች የሚመራ ጥበቃ ከድርጅቱ በፊትም ነበር። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለመጠበቅ ሲል ምድሩን በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲያስተዳድር ኖሯል። ቀይ ቀበሮም በዚያው ጥላ ሥር ተርፏል።

== ቀሪ ፈተናዎች ==

ክትባት በሽታን ይከላከላል እንጂ መሬትን አይመልስም። የገብስ እርሻ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ የግጦሽ ብዛትም ቀበሮው የሚመገባቸውን አይጦች መኖሪያ ያሳጣል። ከተራራው ጫፍ በላይ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለ የአየር ንብረት መሞቅም ያሰጋዋል። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ የነበሩት ቀበሮዎች ጠፍተዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ግን ሰዎች ከብቶቻቸውንና ውሾቻቸውን ይዘው ይኖራሉ።