ከወረታ ሽቅብ፦ ከመድፍ ጋሪ እስከ ተራራ ብስክሌት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ይገነጠላል። አንዱ ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል፤ ሌላው በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ ይገባል። ለረጅም ርቀት የተራራ ብስክሌት ጉዞ ይህን መገንጠያ የሚያህል መነሻ በአገራችን ጥቂት ነው። ከ1,800 ሜትር ገደማ የተነሣ ጋላቢ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደብረ ታቦር፣ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ።

ወረታ ያለችበትን የፎገራ ሜዳ ጉዞ ከዳገቱ በፊት የሚወስነው ግን ጭቃው ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጥቁሩ ዋልካ በጎማና በሹካ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያስረዋል፤ በእንጨት ፈልፍለው ጥቂት ሳይራመዱ ተመልሶ ይሞላል። በበጋ ያው አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ አገሬው የሚሄደው ከፍ ከፍ ያለውን፣ እግር ያጠነከረውን መንገድ መርጦ ነው። የደርግ ዘመን ሩዝ ይህን ረግረግ ማሳ ካደረገው ወዲህም ጥበቡ አልተለወጠም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ከጎንደር ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ይህን ሜዳ አቋርጧል። ትልቁ የመንገድ ታሪክ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጥቅምት 1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር አንቀሳቅሰው በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ገደል እየናዱ የጠረጉት ያ መንገድ ለመንኮራኩር ተብሎ የተሠራ ነበር። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድም በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ያንኑ አቅጣጫ ይከተላል።

የተራራ ብስክሌት እንደ ስፖርት የተወለደው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ግን ከዚያ ቀድማ ብስክሌተኞቿን በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ አሰልፋለች፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የካይሮ–ኬፕታውን የብስክሌት ጉዞም በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ወረታን ሲያልፍ ኖሯል።

ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ እንግዳው ሲያልፍ ጎዳና ዳር የሚቆመው ልጅ የዚያ ጉዞ ተመልካች ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ወጣቶቿ ከልጅነታቸው ይጋልባሉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት ከፎገራ እስከ ጉና፣ በአውራምባ መንደር በኩል፣ ራሳቸው መርተው እንግዳ ሊያሳልፉ ይችላሉ። ገበሬው ማሳደሪያና ስንቅ ሸጦ ይጠቀማል፤ መንገዱንም ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት እንዲህ ያለውን ጉዞ ዘግቶታል። ሰላም ሲወርድ ግን አዲስ አስፋልት መጠበቅ አያስፈልግም። መንገዱ ድሮም አለ፤ የጎደለው በካርታ መዝግቦ፣ በወቅት ለይቶ፣ ለባለአገሩ ጋላቢ ማስረከብ ነው።